መታጠቢያ ቤቱን ለማን ነው የምናድሰው?

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ዛሬ ግን እኔም የምጠይቅዎ ነገር ገጠመኝ።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ዕድሜዬ 37 ሲሆን ሥራዬ ማስተማር ነው። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። አማቴም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከገጠር ካመጣናቸው ሦስት ዓመት ሆነ።

ቤቱን የገዛነው ከ12 ዓመት በፊት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ያኔም አሮጌ ነበር። ስፋቱ 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ80 ነው። ወለሉ ሊሾ ነው። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው። ሻወሩ መሥራት ካቆመ ቆይቷል፣ በባልዲ ነው የምንታጠበው። በመኝታ ቤታችን በኩል ያለው ግድግዳ ይረጥባል፣ ቀለሙም እየተላጠ ነው። ግቢ ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠ 1 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን።

ዘንድሮ እቁብ ደርሶኝ 120 ሺህ ብር ይዣለሁ። በዚህ መሐል የባለቤቴ እህት ከውጭ፣ ከ9 ዓመት በኋላ ለጥምቀት እንደምትመጣ ነገረችን። እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ታርፋለች። ባለቤቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ‹እህቴ እዚህ ውስጥ እንዴት ትታጠባለች?› ይላል። ባለሙያ ጠርቶ አስገመተ። ሁሉም ይፈርሳል፣ ሴራሚክ እስከ ኮርኒሱ ይለጠፋል፣ ሽንት ቤቱ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ይዛወራል፣ የመስታወት ሻወር፣ ቁም ሳጥን ያለው ሲንክና አዲስ ቦይለር ይገባል። ድምሩ 265 ሺህ ብር ሆነ። የጎደለውን ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር ልበደር ይላል። ያለፈውን ብድር ከፍለን የጨረስነው ገና ባለፈው ክረምት ነው።

ሌላም ጭንቀት አለብኝ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ሴራሚክ ይሠራል። ‹ለእጄ የሚመቻችሁን ትሰጡኛላችሁ፣ ቤተሰብ አይደለን?› አለን። ለጎረቤታችን የሠራውን ግን አይቻለሁ። ውኃው ወደ ማፍሰሻው አይሄድም፣ በሩ ሥር ይተኛል። እምቢ ብል ዘመዱን የናቅኩበት ይመስለዋል። እሺ ብል ገንዘቤ ሜዳ ላይ እንዳይቀር እፈራለሁ። ልቆጥብ ስል ቆንቋና እባላለሁ፣ ዝም ስል ዕዳ ውስጥ እንገባለን። ምን ይመክሩኛል?»

ግራ የገባኝ፣ ከማራኪ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ ቶሎ ያረፈው 265 ሺህ ብሩ ላይ አልነበረም። መሐል ላይ እንደ ዋዛ ያለፍሻት አንዲት መስመር አለች። ግድግዳው ይረጥባል ብለሻል። ከዚያ ስለ እንግዳዋ፣ ስለ ብድሩና ስለ ዘመዳችሁ ቀጠልሽ። እኔ ግን እዚያችው መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም መታጠቢያ ቤቴን አሳድሼ ነበር። ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ግድግዳ ውስጥ ያለውን አሮጌ የብረት ቧንቧ እንዳለ ተውኩት። «እስከ ዛሬ የሠራ ነገ ምን ይሆናል?» አልኩ። በላዩ ላይ የሚያምር ሴራሚክ አስለጠፍኩ። ክረምቱ ሳይወጣ ግድግዳው ውኃ ማልቀስ ጀመረ። ቧንቧው ውስጥ ውስጡን ዝጎ ኖሯል። እሱን ለመቀየር 14 ሴራሚክ ተሰበረ። ያ ቀለም ተፈልጎ ተፈልጎ ገበያ ላይ ጠፋ። አንዱ ግድግዳዬ እስከ ዛሬ ሁለት ዓይነት ነው። የእጅ ዋጋም ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ስለዚህ ስለ ቁጠባ ስትጠይቂኝ ከሁሉ በፊት የሚታየኝ ያ እርጥብ ግድግዳ ነው።

አንድ ብር ሳታወጪ ልታጣሪው ትችያለሽ። የመስመር ውኃ በመጣበት ቀን ማታ፣ ሮቶው ሞልቶ መቆሙን አረጋግጪና ቤት ውስጥም ግቢ ውስጥም ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጊ። የቆጣሪውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ። የመጨረሻዎቹን ትንንሽ ቁጥሮች ጭምር። ጠዋት ማንም ውኃ ሳይነካ ሄደሽ እዪው። ቁጥሩ ጨምሮ ከሆነ ውኃ የሚያመጣው ቧንቧ የሆነ ቦታ ያፈሳል። መስመሩ ሌሊቱን ከጠፋ ሙከራው አይቆጠርም፣ በሚቀጥለው ፈረቃ ድገሚው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ደግሞ ጥርጣሬሽ ወደ ወለሉና ወደ ፍሳሹ ይዙር። ለአራት አምስት ቀን እዚያ ውስጥ አትታጠቡ። ግቢ ውስጥ ወይም ሌላ ቦታ ታጠቡ። ግድግዳው መድረቅ ከጀመረ ነገሩ የሊሾው ስንጥቅ ወይም የማፍሰሻው ነው ማለት ነው። ሁለቱ ጥገናዎች በጣም ይለያያሉ። ያስገመታችሁት ባለሙያ ይህን ጠይቋችሁ ነበር? በዝርዝሩ ውስጥ አላየሁትም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልመለስ። በእሱ አትፍረጂበት። ዘጠኝ ዓመት ያላያትን እህቱን ሊቀበል ነው። «ወንድሜ እንዲህ ነው እንዴ የሚኖረው?» እንዳትል ፈርቷል። ይህ ፍርሃት ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ሰው ከውጭ ሲመጣ ግድግዳ ይቀባል፣ መጋረጃ ይቀየራል፣ ብድር ይገባል። ነውር የለበትም፣ የሚያስጨንቀን ስለምንወዳቸው ነው።

ግን እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እህቱ ስትመጣ ከሁሉ በፊት የምታየው ማንን ነው? እናቷን አይደለም? አማትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብለሻል። በቀን ስንት ጊዜ ነው እዚያ ቁጢጥ ብለው የሚነሱት? ሌሊትስ? ግድግዳ ይዘው ነው የሚነሱት ወይስ ሰው ይጠራሉ? ይህን በደብዳቤሽ አላነሳሽውም። ምናልባት እሳቸውም አንስተውት አያውቁም። ትልልቅ ሰዎች ይህን ነገር ያፍሩበታል። ውኃ መጠጣት የሚቀንሱም አሉ፣ ሽንት ቤት መመላለሱን ፈርተው።

እንግዳዋ ሦስት ሳምንት ቆይታ ትሄዳለች። አማትሽ በየቀኑ እዚያ ይገባሉ። መታጠቢያ ቤቱን ለእሳቸው ብላችሁ ብትሠሩት ለእህቱም ይሆናል። ለእህቱ ብላችሁ የሠራችሁት ግን ለእሳቸው ላይሆን ይችላል። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ወለል ላይ ቢነጠፍ ሲረጥብ ያዳልጣል። የመስታወት ሻወር ደፍ አለው፣ ለታመመ ጉልበት ፈተና ነው። እህቱ እናቷ ብቻቸውን፣ ሳይቸገሩ፣ በክብር ሲገቡና ሲወጡ ብታይ ደስታዋ ምን ያህል ይሆን? ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው። «እንቆጥብ» ብለሽ ከጀመርሽ ክርክር ይሆናል። «ለእማማ እንሥራው» ብለሽ ብትጀምሪ ግን አብሮሽ ያስባል።

እንግዲህ ግምቱን አብረን እንየው።

ትልቁ ብር የሚድነው ሽንት ቤቱ ካለበት ባለመነሳቱ ነው። ወደ ሌላው ግድግዳ ይዛወር ማለት ወለሉ ይሰበራል፣ 110 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ወፍራሙ የፍሳሽ ቱቦ እንደ አዲስ ይቀበራል፣ ቁልቁለቱም ከውጭው ጉድጓድ ጋር እንደገና ይስተካከላል ማለት ነው። ሥራው ብዙ ነው፣ ለዓይን የሚታይ ጥቅምም የለውም። ያለበት ቦታ ላይ ቁጢጡ ይነሳና መቀመጫ ያለው ይተካ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። መቀመጫውን ከመግዛትሽ በፊት ቁጢጡ ተነስቶ፣ ከግድግዳው እስከ ቱቦው መሐል ያለው ርቀት ይለካ። መቀመጫዎች በዚህ ልክ ይለያያሉ። አንዳንዱ ቀጥታ ወደ ወለል ያወርዳል፣ አንዳንዱ ወደ ግድግዳ ይገፋል። ልኩን ሳይዙ ገዝተው ሊመልሱ ሲሄዱ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ። ቁጢጡ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ከሆነም መድረኩ ይነሳ። አማትሽ ደረጃ እንዳይወጡ።

ሴራሚኩ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ይፈልጋል። የክፍልሽ ዙሪያ 7 ሜትር ከ60 ነው። ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ80 ላይ ነው እንበል። እስከ ላይ ከተለጠፈ የበሩን ቦታ ቀንሰሽ ወደ 19 ተኩል ካሬ ሜትር ይሆናል፣ ግድግዳው ብቻ። አሁን ሌላ መንገድ እንሞክር። ውኃ በቀጥታ የሚረጨው የሻወሩ ማዕዘን ላይ ነው። ሁለቱን ግድግዳ በድምሩ 2 ሜትር ከ10 ያህል ስፋት፣ እስከ 2 ሜትር ከፍታ ለጥፊ። 4 ካሬ ከ20 ነው። የቀረውን እስከ 1 ሜትር ከ20 ብቻ አድርጊው። እሱ ወደ 5 ካሬ ከ60 ይመጣል። ድምሩ 10 ካሬ አይሞላም። ለስብርባሪና ለቁርጥራጭ አንድ ካሬ ጨምሪበት፣ 11 ይሁን። ግማሽ ያህል ቀነስሽ ማለት ነው። ሴራሚኩ ብቻም አይደለም። ሲሚንቶውም ማጣበቂያውም የእጅ ዋጋውም በካሬ ነውና አብሮ ይቀንሳል። ከሴራሚኩ በላይ ያለውን በዘይት ቀለም ቀቢው። ይታጠባል፣ ያምራልም። ገንዘብ ሲኖር ከላይ መጨመር ይቻላል። ለጥገና እንዲሆንሽ ደግሞ ሁለት ካርቶን ትርፍ ገዝተሽ አልጋ ሥር አስቀምጪ። ያን ጊዜ እኔ እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ግድግዳዬ ሁለት መልክ አይኖረውም ነበር።

ወለሉ 3 ካሬ ከ60 ነው። አራት ካሬ ይበቃሻል። እዚህ ላይ አትሰስቺ። የማያብለጨልጭ፣ ሻከር ያለ፣ የማያዳልጥ ሴራሚክ ምረጪ። ሱቅ ውስጥ ውኃ ጠብ አድርገሽበት በጣትሽ ሞክሪው፣ ማንም አይቆጣሽም። ደግሞም አራት ካሬ ትንሽ ስለሆነ ከትልልቅ ሥራ የተራረፈ ሴራሚክ በቅናሽ ልታገኚ ትችያለሽ። ፒያሳም ሆነ አዘዞ መንገድ ላይ ያሉ ሱቆችን «የተራረፈ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ብቻ እዪ። ቁጥሩ ከተለያየ ስሙ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ሊለያይ ይችላል፣ የምታዪው ደግሞ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

የመስታወት ሻወሩን ተዪው። መጋረጃ ይበቃል። ቁም ሳጥን ያለው ሲንክም ይቅር፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ ሲንክ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለአማትሽ መተላለፊያ ይተውላቸዋል።

ውኃው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ጎንደር ላይ ነው የምንኖረው። የአንገረብ ግድብ ደለል እንደበላው፣ ውኃውም በፈረቃ እንደሚመጣ እኔም አንቺም እናውቃለን። ሮቶሽ መሬት ላይ ነው ብለሻል። ታዲያ በ265 ሺህ ብር የተሠራው ሻወርና ቦይለር መስመሩ በጠፋ ቀን ምን ይሠራሉ? እህቱ ውብ ሻወር ሥር ቆማ በባልዲ ልትታጠብ ነው። በግምቱ ውስጥ ስለ ሮቶው አንድም ቃል የለም። እኔ ብሆን ከመስታወቱና ከኮርኒሱ ሴራሚክ የተረፈውን እዚህ ላይ ነበር የማውለው።

ሮቶው ከፍ ይበል። ውኃ 10 ሜትር ከፍ ሲል የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ነው። ማቆሚያው ሦስት ሜትር ከሆነ እንግዲህ ከ0.3 ባር አይበልጥም። ደከም ያለ ነው፣ ግን ለመታጠብ ይሆናል። ቀዳዳው ሰፋ ያለ የሻወር ራስ ምረጪ፣ ቱቦውም ቀጭን አይሁን። አደራ የምልሽ ግን ማቆሚያው ነው። 1 ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ሺህ ኪሎ ይመዝናል። በተገኘ እንጨትና በአሮጌ ብረት የሚቆም ነገር አይደለም። ልጆች ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ። ብረት ብየዳ የሚያውቅ ሰው በደንብ ይሥራው። ለዚያ ጊዜው ወይም ገንዘቡ ካልደረሰ ሮቶው ባለበት ይቆይና ትንሽ ፓምፕ ይገጠምለት። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም እንደሚቆም ግን እወቂ።

ቦይለሩን በተመለከተ ውኃ የሚያጠራቅመው ዓይነት ይሻልሻል። 50 ሊትር ለቤታችሁ ይሆናል። ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ ርካሽ ነው፤ ግን ግፊቱ ደካማ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይበራም። ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ስለሚስብም ወፍራም ገመድ ይፈልጋል። አሮጌ ቤት ውስጥ ያስፈራኛል። የትኛውንም ብትገዢ የመሬት ገመዱን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያረጋግጥ። ውኃና መብራት አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም። ውኃ ሳይሞላ እንዳይበራም ቤተሰቡን ሁሉ አስጠንቅቂ። ማሞቂያ ብረቱ ይቃጠላል። ለዚህ ዓመት ቦይለሩ ከአቅም በላይ ከሆነ ግን መስመሩንና ገመዱን አስዘርጊና ቦታውን አዘጋጂ። ዕቃው በኋላ ይሰቀላል። ጥር ላይ የጎንደር ጠዋት ብርድ ቢሆንም ሙቅ ውኃ በድስት አፍልቶ ለእንግዳ ማቅረብ እኛ ቤት አዲስ አይደለም።

ደግሞ ከወለሉ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ባልዲ የሚሞላ ቧንቧ አስቀምጪ። ርካሽ ነው። ውኃ በጠፋ ሰሞን ስሜን ታነሺዋለሽ።

ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ቧንቧ የብረት ከሆነ ሁሉም ይቀየር። አሁን ሰዉ የሚያስገባው ፒፒአር የሚባለውን ነው፣ በሙቀት እየቀለጠ የሚያያዝ፣ የማይዝገው። ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት ይፈተን። የግፊት መፈተሻ ፓምፕ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ ካገኘሽ በጣም ጥሩ። ከሌለው ሁሉንም አፍ አዘግተሽ ውኃ ሙሉበትና አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት አንድ በአንድ ንኪ። ሶፍቱ ከረጠበ የሚስተካከለው ያኔ ነው። «ነገ ሌላ ሥራ አለኝ፣ ዛሬውኑ እንድፈነው» የሚልሽን እሺ አትበዪው። እኔ እሺ ብዬ ነው የተቃጠልኩት።

ጥምቀት ሲቃረብ የፋሲል መዋኛ ከቀሐ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ ሲሞላ ሁልጊዜ ሄጄ አያለሁ። ሰው የሚያየው የሞላውን ውኃ ነው። እኔ ከዚያ ስህተቴ ወዲህ ዓይኔ ወደ ቦዩ ይሄዳል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፣ ወደ አጎቱ ልጅ። «ከዘመድ ጋር ብላ፣ ጠጣ እንጂ አትነግድ» ይባላል። እኔ ግን ጨርሰሽ በሩን እንድትዘጊበት አልመክርሽም። የባለቤትሽ ሥጋ ነው። ሠርግም ለቅሶም ላይ ትገናኛላችሁ። ደግሞ ስለ እሱ ሥራ የምታውቂው አንድ ወለል ነው። የጎረቤትሽ ወለል የተበላሸው በእሱ ጥፋት ነው ወይስ ማፍሰሻውን ሌላ ሰው ከፍ አድርጎ ቀብሮበት? እስኪ ጎረቤትሽን ቡና ስትጠጡ ጠይቂያቸው። ሌላ የሠራውን ቤትም አሳየኝ በይው። ሁለት ወለል ላይ ውኃ አፍስሰሽ ካየሽ በኋላ ፍርድሽ ትክክል ይሆናል።

ሥራውን ከሁለት መክፈል ትችያለሽ። ቧንቧውንና ፍሳሹን ዘመድ ያልሆነ፣ ሥራው የተመሰከረለት ቧንቧ ሠራተኛ ይያዘው። ሴራሚኩን ዘመዳችሁ ይሥራው። እንዲህ ከሆነ የተናቀ ሰው የለም። ግድግዳ ውስጥ ያለው ነገርም ከዝምድና ነፃ ይሆናል።

«የሚመቻችሁን» የሚለውን ግን በፍጹም አትቀበዪው። ከሁሉ የሚወደደው ዋጋ እሱ ነው። ብትሰጪው አነሰኝ ብሎ ያዝናል፣ አንቺ ደግሞ አበዛሁ ብለሽ ታዝኛለሽ። ሁለታችሁም አትናገሩትም። ሥራው ሲበላሽም «በነፃ ነው እኮ የሠራሁላችሁ» ይመጣል። በካሬ ስንት እንደሆነ ይናገር። ሌሎች ሁለት ሠራተኞችን ጠይቀሽ አመዛዝኚ። ከዚያ ወረቀት ላይ ይስፈር። ስንት ካሬ፣ በስንት ብር፣ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ፣ ዕቃ የሚገዛው ማን እንደሆነ። ዕቃውን አንቺ ግዢ። ቀብድ ትንሽ ይሁን፣ ወለሉ ሲያልቅ ይከፈል፣ የመጨረሻው ከሙከራ በኋላ።

ሙከራው ቀላል ነው። ማፍሰሻው ከወለሉ ሁሉ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይሁን፣ ወለሉም በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ እሱ ያዘንብል። ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት፣ ገና ሲሚንቶው እንደደረቀ፣ አንድ ባልዲ ውኃ በሩ ሥር አፍስሱ። ሄዶ ማፍሰሻው ውስጥ ከገባ ይለጠፍ። ከተኛ ያኔ ይስተካከላል፣ ከተለጠፈ በኋላ ግን መሰበር ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሴራሚኩን በጣትሽ ቋ ቋ አድርጊው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ ሲሚንቶ አልሞላም፣ ይነሳና ይደገም።

እንዴት እንደምትነግሩት አስቢበት። ንግግሩ ከባለቤትሽ አፍ ቢወጣ ይሻላል። «ወንድሜ፣ እኛ በአንተ መጠቀም አንፈልግም። እንደ ማንኛውም ባለሙያ ዋጋህን ንገረን፣ እንጻፈው፣ በኋላ ቅሬታ እንዳይገባን» ይበለው። ጥሩ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ከተቆጣ ደግሞ ሥራው ሳይጀመር ማወቅሽ ጠቀመሽ።

ከባለቤትሽ ጋር የምታወሩበትን ጊዜ ምረጪ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ የአጎቱ ልጅ በሌለበት፣ ካልኩሌተር ይዛችሁ። ግምቱን በሁለት ዓምድ ጻፉት። አንዱ ጥምቀት ሳይደርስ የሚያልቅ፣ ሌላው ለሚቀጥለው እቁብ የሚቆይ። እንዲህ ሲሆን የሚቆየው ነገር ከእጁ የተነጠቀ አይመስለውም፣ ተራው ያልደረሰ ነው። ቧንቧው፣ ፍሳሹ፣ መቀመጫው፣ ወለሉ፣ የሻወሩ ማዕዘንና ሮቶው የመጀመሪያው ላይ ይሁኑ። ሁሉንም በ120 ሺህ ትጨርሺዋለሽ ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ የሱቁን ዋጋ ጠይቃችሁ ስታሰሉ ታዩታላችሁ። ከበለጠ መጀመሪያ የሚቆየው ቦይለሩ ነው፣ ቀጥሎ ከፊሉ የግድግዳ ሴራሚክ። ያን ሁሉ አቆይታችሁም ትንሽ ከጎደለ፣ እህቱን በግልጽ ማነጋገር ያሳፍራል? «ለእማማ እንዲመች እያደስን ነው» ብሎ ቢነግራት ምን ትላለች? ገንዘብ ጠይቋት ማለቴ አይደለም። ግን ሳታውቅ ለእሷ ተብሎ ዕዳ ቢገባና በኋላ ብትሰማ የሚከብዳት እሷን ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነውና ሁለት ወር አለሽ። በደንብ ይበቃል፣ ግን ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እንዳትጀምሪ። በዓሉ ሲቃረብ ከተማው ሁሉ ያድሳል፣ እጁ ጥሩ የሆነ ሠራተኛ አይገኝም፣ የተገኘውም ይቸኩላል። አንድ ማንም ያላሰበው ነገርም አለ። ወለሉ ፈርሶ ሽንት ቤቱ በማይሠራባቸው ቀናት አማትሽ የት ይሄዳሉ? ቁጢጡ የሚነሳው መቀመጫው ተመርጦ፣ ቧንቧ ሠራተኛው በእጅ ካለ በኋላ ይሁን። ልኩ ጠዋት ተወስዶ ዕቃው በዚያው ቀን እንዲመጣ ከሱቁ ጋር ተነጋገሩ። ሲሚንቶው እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ለሚሆነው ጊዜ ደረጃ የሌለው ቤት ያላቸውን ጎረቤት ቀድመሽ ለምኚ።

በሩም ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጉት። ማጠፊያውንና የበሩን ፍሬም ባለሙያ አይቶ ያስተካክለው። ሰው ውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሰውየው ላይ ይዘጋል።

መቀመጫው ከተተከለ በኋላ፣ የግድግዳው ሴራሚክ ሳይለጠፍ፣ አማትሽን ጥሪያቸው። ልብሳቸውን እንደለበሱ ይቀመጡበት። ከዚያ ሲነሱ እጃቸው ግድግዳው ላይ የት እንደሚያርፍ እዪ። እዚያች ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። የብረት መያዣው የሚተከለው እዚያ ነው። ብሎኑ የሚገባበትን ቦታ ግንበኛው በደንብ እንዲሞላው ያኔውኑ ንገሪው።

የቆጣሪውን ነገር ግን ዛሬ ማታ ጀምሪው። ቁጥሩ ምን እንዳለ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።